ከቆላ የወጣች ቀንድ አውጣ

ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ስለ ውሃ ቀንድ አውጣዎች ነው። መለየቱ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ሾጣጣዋን ጫፏን ወደ ላይ፣ የዛጎሏን አፍ ወደ ፊታችን አድርጎ መያዝ ነው፤ አፏ በቀኝ ከዋለ የበጎቻችንን የጉበት ትል ከምታስተላልፈው ወገን ትሆናለች። ይቺ የደብረ ታቦርን ብርድ ለምዳዋለች። እንደ መቀነት የተጠቀለለችው ጠፍጣፋዋ ግን የቢልሃርዚያዋ ናት፤ ሙቀት ትወዳለች፣ አገሯም ቆላው ነው።

ስለዚህ አንድ ተማሪዬ ጠፍጣፋዋን እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከእኔ አክስት ቤት ሥር ካለው ወንዝ እንዳገኛት ሲነግረኝ አላመንኩትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፉ ማድመቂያ ከታች ካለው ሐይቅ ዳር ለቅሞ ያመጣት መሰለኝ፤ ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት። ሄጄ ሳይ ግን የሰፈሩ ልጆች በሚዋኙበት፣ ፀሐይ በሚያሞቀው የወንዙ ኩሬ ውስጥ በሕይወት አለች። የአክስቴ የልጅ ልጅም እዚያው ይንቦራጨቃል። ደነገጥኩ።

ማን አመጣት? አሸዋ የሚጭነውን መኪና ጠረጠርኩ፤ ጎመን የሚያጥቡትንም አልማርኩ። አንድ ቀን አክስቴ ቆላ ካለው ጠበል ሲመለሱ ቤታቸው ነበርኩ። የጀሪካናቸው ክዳን ከጠፋ ቆይቷል፤ አፉን የወተፉት ከጠበሉ ወራጅ ዳር በነቀሉት ሣር ነው። ሣሩ ላይ የሚያዝለገልግ ነገር ተለጥፏል። የቀንድ አውጣ እንቁላል ነበር።

«የተረፈውን ጠበል የት ነው የሚደፉት?» አልኳቸው።

«እግር በሚረግጠው ይደፋል እንዴ? ወራጅ ውሃ ላይ ነው እንጂ። ሣሩንም አብሬ።»

«እንግዲህ ቀንድ አውጣዋ በዚህ ሣር ነው የመጣች። ልጆቹ እኩሬው እየገቡ ይታመማሉ። ጠበሉን አላልኩም፣ ሣሩን ነው።»

ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ እንደዚያ አድርገው አይተውኝ አያውቁም።

«ጠበል በሽታ አመጣ ልትይ ነው የተማርሽ?» አሉና ጀሪካኑን ይዘው ጓዳ ገቡ።

በሌላው ሳምንት ስመለስ ኩሬው ጭር ብሏል፤ የሚዋኝ ልጅ የለም። ከውሃው ዳር አንዲት ጎረቤት ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳብ አደረገችና ራቅ ብላ ቆመች። ለካ አክስቴ ለሰፈሩ ሁሉ፣ የበሽታ ቀንድ አውጣ ወንዙ ውስጥ የጨመርኩት እኔ እንደሆንኩ ነግረዋል።

«እውነት ነው?» አለችኝ።

ላስተባብል አፌን ከፈትኩ፤ ባዶውን ኩሬ አየሁት።

«ልጆቹን እኩሬው አታስጠጉ» አልኳት።