ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ ግን አርብ ነው

«አቦ ልጄ፣ ሥጋው እየሟሟ ነው!»

አለቃዬ ሐጂ ናቸው። አምቡሊ ሰፈር ካለው የሥጋ ማቀዝቀዣ መጋዘናቸው ሆነው በስልክ ይጮኻሉ። ውጭው እሳት ነው፤ ሙቀት ሲበረታ የሚያግዘው ሁለተኛው ሞተር አልነሳ ብሏል። ሥጋው ደግሞ ለዛሬ ማታ ሰርግ የታዘዘ ነው።

እኔ ቢሮ ካለው ኮምፒውተር ሞተሩንና በሩን የሚያዘው ፕሮግራም የተጻፈው ኤክስኤምኤል በሚባል የኮምፒውተር አጻጻፍ ነው። የሸጠልን ሰውዬ «ይሄ እኮ ኮድ አይደለም፣ ማንም ያስተካክለዋል» ብሎን ነበር። ማንም ማለት እኔ ነኝ።

«ከሞቀ ሞተሩን አስነሳ» ለማለት ብቻ አንድ ገጽ ይፈጃል። የተከፈተ ትእዛዝ ሁሉ ደግሞ «እዚህ ያበቃል» የሚል መዝጊያ ይፈልጋል።

ሐሙስ ዕለት ባልደረባዬ፣ አርብ መጋዘኑ ዝግ ስለሆነ፣ «አርብ በሩ ተቆልፎ ይዋል» የሚል ትእዛዝ ጨመረ። መዝጊያውን የት እንዳደረገው እንጃ፣ የሞተሩን ትእዛዝ አብሮ ውጦታል። ስለዚህ ሞተሩ የሚነሳው አርብ አርብ ብቻ ሆኗል።

ትናንት ሞክረነው ግሩም ሠርቷል። አርብ ነበራ!

መዝጊያዎቹ መዓት ናቸው፤ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም። ላቤ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። ሐጂ «ያ ረቢ! ሰርገኞቹን ምን ልበላቸው?» ይላሉ።

ጨነቀኝና የኮምፒውተሩን ቀን ወደ አርብ መለስኩት።

ሞተሩ ተነሳ። «አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ። እኔም ተነፈስኩ።

ብዙም ሳይቆዩ መልሰው ደወሉ። «ሰርገኞቹ ሥጋውን ሊወስዱ መጥተዋል፤ በሩ ግን አልከፈት አለ።»

አርብ ነዋ!

ይህን የምጽፈው ቀኑን ወደ ቅዳሜ ስመልሰው ድርቅ ብሎ የቀረው ኮምፒውተር እንደገና እስኪነሳ እየጠበቅኩ ነው። እስቲ «ኮድ አይደለም» ተብላችሁ ጉድ የሆናችሁ፣ ከሥር ጻፉልኝ። ብቻዬን አልበድ።