አባቴ የመረጠው ሰው

ግንቦት ሲገባ አሶሳ ገበያ አጥር ሥር የተደፋ ማንጎ ፀሐይ መትቶት መጎምዘዝ ሲጀምር፣ ያ ሽታ ድንገት ይመጣና ከከተማው ወጣ ብሎ የነበረው ቤታችን ዓይኔ ላይ ድቅን ይላል። ደስ የሚል ሽታ አይደለም፣ ዝንብ የወረረው ነገር ነው፤ እኔ ግን ቆም ሳልል አላልፍም።

አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ ሲያመጡት ልጅ ነበር። ትሄዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ሳይኖር ከነቤተሰቡ መኪና ላይ ተጭኖ መጥቶ፣ ካደገ በኋላ ጫካውን መንጥሮ፣ ማሽላ ዘርቶ፣ ማንጎ ተክሎ፣ «ሁለተኛ ከዚህ የሚነቅለኝ ሞት ብቻ ነው» ይል ነበር። አያቴ አባ ሙሄ ይህን ሲሰሙ ይስቁ ነበር። በንጉሡ ዘመን የሰው ጭሰኛ ሆነው የኖሩ ሰው ስለነበሩ፣ መሬት የኔ ነው የሚል ሰው ያስቃቸዋል። አንዴ ከሚያርሱት መሬት ሊያስነሷቸው ሲሉ መንገድ ዳር ጠብቀው «አቤት ጃንሆይ!» ብለው የንጉሡ መኪና ፊት ተደፍተው እንደነበር ይነግሩን ነበር።

«ከዚያስ አባባ?»

«‹ይታይለት› አሉ። ይኸው እስከዛሬ እየታየልኝ ነው።»

ልጅ ሳለሁ፣ ምርጫ በነበረበት ግንቦት፣ አንድ ተወዳዳሪ መጥቶ ማንጎው ሥር ተቀምጦ፣ ጭማቂው እስከ ክንዱ እየወረደ እየበላ፣ «እኔ አገልጋያችሁ ነኝ፤ በፈለጋችሁኝ ሰዓት ጥሩኝ» ብሎ ሄደ። አባቴ አመነው። ምን ያድርግ፣ በዕድሜው እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። የምርጫው ዕለት የዒድ ልብሱን ለብሶ ሄዶ፣ ሲመለስ ቀለም የነካ ጣቱን ላገኘው ሁሉ ያሳይ ነበር። ሰውየውም ተመረጠ።

ክረምቱ ሲከብድ መሬታችን ለኢንቨስተር ተሰጥቷል የሚል ወሬ መጣ። አባቴ በዚያ ጭቃ ከተማ እየወጣ የተመራጩ ቢሮ በር ላይ ሲቆም ይውል ነበር፤ ማታ ዝናብ መትቶት እንደ በሰበሰ ገብቶ፣ እናቴ «አገኘኸው?» ስትለው «ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ» ይላል። እኔ ስብሰባ ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ ወዲያ ያለ፣ ክረምት መንገዱን የሚቆርጠው አገር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እናቴን «ስብሰባ ሩቅ ነው?» ብላት «በጣም ሩቅ ነው ልጄ» አለችኝ።

ማሽላው ከኛ ጋር የሚዋሰነው ጎረቤታችን አባ ሐሚድ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነበር፤ አማርኛው ውስጥ ሴት ስለሌለች እኔንም «አንተ» ነበር የሚለኝ። አባቴ እንደልማዱ ባዶውን በተመለሰበት ማታ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«በአያቴ ጊዜ አገር የሚገዛ ሼኽ አለ» አለው። «በሩን ታውቃለህ። ሄደህ ትቀመጣለህ። እሱ ይወጣል።»

«ወጥቶስ?»

«አንዳንዴ ይሰማል። አንዳንዴ ይገርፋል።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚሻለው?»

አባ ሐሚድ ትንሽ አሰበና «ይወጣል» አለ። አያቴ ሳቁ፣ አባቴ አልሳቀም።

ኅዳር ላይ ማሽላው ፍሬ ይዞ አንገቱን በደፋበት ሳምንት ዶዘሩ መጣ። አባቴ ከፊቱ ቆመ፤ ሚሊሻዎቹ እንኳ አዝነውለት «ወንድማለም፣ ታዘን ነው» እያሉ ክንዱን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱት። እሱ ግን ተመራጩን «ጥሩልኝ! ጥሩኝ ብሎኛል፣ ጥሩልኝ!» ይል ነበር። ማንን ይጥሩ? እናቴ ፊቴን በነጠላዋ ሸፈነችብኝ እንጂ ማንጎዎቹ ሲወድቁ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። በማግስቱ የአባ ሐሚድም መሬት ሄደ። በጋውን አሶሳ የኪራይ ቤት ገባን፤ ምትክ ይታያል አሉን።

ዛሬ ያን መሬት ጫካ ውጦታል፣ ኢንቨስተር የተባለውም አንድ ዘር ሳይዘራበት ጠፋ። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ንጉሡን ያሙ ነበር፣ ሲያሙም ቀለል ይላቸው ነበር። አባቴ ግን የሚያማው የለውም፤ ይጀምርና «እኔው ነኝ የመረጥኩት» ብሎ ይተወዋል። ከሁለቱ የቱ እንደሚከፋ ዛሬም አልለየሁም፣ የማደርግለትም ነገር የለኝም።

እኔ ሥነ ዜጋ አስተማሪ ሆኛለሁ። በቀደም ፈተና ሳርም አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ «ልጆቹን ምን እያልሽ ነው የምታስተምሪያቸው?» አለኝ።

«ባለሥልጣን ለሕዝብ ተጠያቂ ነው እያልኩ።»

ቃሉን አፉ ውስጥ አመላለሰው። «ተጠያቂ ማለት የሚጠየቅ ማለት ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

«እኔ እኮ ጠይቄው ነበር» አለኝ፣ የረሳሁት መስሎት።