«ይማሉ» ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። እናቴ ሳትሰማው ሞተች። መስጊድ ደጅ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን የሆድ የሆዳችንን ስንጫወት እንኳ ከጉሮሮዬ እየመለስኩ ነው ያኖርኩት። እኛ ዘንድ አላህ የሸፈነውን ነውር ሰው በገዛ እጁ አይገልጥም ይባላል። እኔም በዚች አባባል ስር ዓመታት ተደብቄያለሁ። ግን እዚያው መስጊድ የተማርኩት ሌላም ነገር አለ። አላህ የራሱን ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለሐቁ ራሱ አውፍ ብሎ ይቅር ካላለ አይምረውም። ይህቺኛዋን እንዳልሰማ ሆኜ ኖርኩ።

አንድ ሰው ያልበላውን ዕዳ ክፈል ሲባል እያየሁ ዝም አልኩ። ዝም ብቻ ብል ምንኛ መልካም ነበር። በእጄ አመላከትኩ። በአፌም «ይማሉ» አልኩ።

ሰፈራችን ከመርሳ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ሰዉ ሁሉ የሚያውቀኝ ሽቦ በሚል ስም ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሥጋ የሚባል ነገር ሰውነቴ ላይ አልረጋ ብሎ የወጣልኝ ነው። አባቴ እኔ ቆሜ ሳልሄድ ስለሞተ አጎቴ እንድሪስ አሳደገኝ፤ ስለዚህ ማን ነው ሲባል «ሽቦ የእንድሪስ» ይባላል። መታወቂያዬ ላይ ያለው ስሜ ሰይድ ይመር መሆኑን የሚያስታውስ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከጎረቤታችን ከጋሼ ሰይድ በቀር። የእሳቸውም አባት ይመር ናቸው። ይመር እኛ አገር ሞልቷል። ስወለድ ዱአ አድርገው ስም ያወጡልኝ እሳቸው ነበሩ፤ አባቴ «የእርስዎን ስም ይያዝልኝ» ብሎ ለምኗቸው። አንድም ቀን ሽቦ ብለውኝ አያውቁም። «ሞክሼ» ነበር የሚሉኝ። ከማሳቸው ማዶ ቆመው በዚያ በረጅም ድምፃቸው «ሞክሼ፣ አደርክ ወይ!» ሲሉኝ ቀኑ ይቀናኝ ነበር።

ጋሼ ሰይድ አስታራቂ ነበሩ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወሰን ሲገፋ፣ ከውርጌሳ ድረስ ሰው እየመጣ ይወስዳቸው ነበር። ሌላው ሽማግሌ ነገር ሲጠብቅበት ቁርአን አስመጥቶ ያስምላል። እሳቸው አያስምሉም። ሁለቱንም ወገን እያሳሳቁ፣ እየተቆጡ፣ አንዳንዴም እያለቀሱ እውነቱን ያወጡታል። ሰው በየቃሉ መሐል «ወላሂ» በሚልበት አገር፣ ከእሳቸው አፍ ወላሂ ስትወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሰዉ ይህን ልብ አላለውም። እኔ ግን ምክንያቱን አውቅ ነበር። አንድ ዓመት ማሽላ ከወፍ ስንጠብቅ ነግረውኛል። አባታቸው በወሰን ነገር ተከሰው ማሉ። የማሉት በእውነት ነው፤ መሬቱም የራሳቸው ነበር። ዓመቱ ሳይሞላ ግን ልጆቻቸውን አከታትለው ቀበሩ። ሊሞቱ ሲያጣጥሩ የተረፉትን ጠርተው፣ በእውነትም ቢሆን እንዳትምሉ ብለው አደራ አሉ። ጋሼ ሰይድ ይህን ሲነግሩኝ ወንጭፋቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ነበር። «ለማንም አላወራሁትም። አንተ ሞክሼዬ ስለሆንክ ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ይህን አደራ ምን እንዳደረግኩት ስሙ።

ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ሽንኩርት ወርቅ የሆነበት ጊዜ። ጎረቤቱ ሁሉ የቤቱን ቆርቆሮ ሲቀይር አየሁና ቀናሁ። አንድ ደላላ ወልድያ ላይ ገንዘብ የሚያበድር ነጋዴ አገኘልኝ። ነጋዴውን በዓይኔ አላየሁትም፣ እሱም አላየኝም። ደላላው የመታወቂያ ስሜንና ሰፈሬን ነግሮ ገንዘቡን ይዞልኝ መጣ። ለሚስቴ እቁብ ደረሰኝ አልኳት። «ዕዳው ገብስ ነው» አልኩ ለራሴ፤ አንድ ምርት ብሸጥ የሚከፈል መሰለኝ። የእኔ ሽንኩርት ሲደርስ ያገሩ ሽንኩርት ሁሉ ደረሰ። ዋጋው ወደቀ፣ የሚጭነው መኪና ጠፋ፣ ማሳው ላይ በሰበሰ። አተርፍ ባይ አጉዳይ። ደላላው በዚያው ሰሞን ወደ ሳውዲ ተሻገረ። በእኔና በነጋዴው መካከል መልኬን የሚያውቅ ሰው አልቀረም።

ከዚያ ሁለት ሰዎች በሞተር ሳይክል መጡ። ነጋዴው ዕዳ እንዲያስመልሱለት የቀጠራቸው የወልድያ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ያገኙት ማንን መሰላችሁ? እኔን። አስፋልቱ ዳር ባጃጅ እየጠበቅኩ ነበር። ከፊት ያለው ሞተሩን ሳያጠፋ፣

«ወንድም፣ ሰይድ ይመር የሚባል ሰው ታውቃለህ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ጊዜ ስጡኝ ማለትም ይቻል ነበር፤ ስንቱ ዕዳ በልመና ተራዝሟል! እጄ ግን ከአፌ ቀድማ ተነሣች። «ጋሼ ሰይድን ነው? ያ ወርካ ይታያችኋል? ከእሱ አለፍ ብሎ ነው ቤታቸው» አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። አቧራቸው ሳይረግፍ ሮጬ ብመልሳቸው ይቻል ነበር። ባጃጁ መጣና ተሳፈርኩ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላል ያገሬ ሰው። ከዚያን ቀን በኋላ ጋሼ ሰይድ ያዩትን መከራ አይቻለሁ። ሰዎቹ ደጃቸው ላይ ሞተር አቁመው መንገደኛ እስኪሰማ ይጮኻሉ። ገበያ መሐል ኩታቸውን ጨምድደው ይዘው «ሽማግሌ ነኝ ብለህ የሰው ገንዘብ ትበላለህ?» አሏቸው፤ አንቱ የተባሉትን ሰው አንተ አሉ። እኔ ከቃሪያ ሻጮቹ ጀርባ ቆሜ ነበር። ጋሼ ሰይድ ኩታቸውን አስለቅቀው፣ አስተካክለው ለበሱና «ልጆቼ፣ ተሳስታችኋል» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ለምን አልጨመሩም? ዛሬም ድረስ ይህ ነው የሚበላኝ። ሌላ ሰይድ ይመር እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ስሙን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ሽንኩርቴ ሲበሰብስም አይተዋል፤ እንዲያውም መጥተው «አይዞህ፣ ገንዘብ እንደ እጅ እድፍ ነው» ብለውኛል። አንዴ ወደ እኔ ቢጠቁሙ ያልቅ ነበር። እኔ ጠቆምኩባቸው፤ እሳቸው አልጠቆሙብኝም።

አንድ አርብ ከጁምዓ በኋላ ወርካው ስር ሰው ተሰበሰበ። ዘወትር ዳኛ ሆነው የሚቀመጡት ጋሼ ሰይድ ያን ቀን ተከሳሽ ሆነው ተቀመጡ። ሰዎቹ ቆመው ተናገሩ። «እኛ ስም ተሰጥቶናል፣ አገር ተሰጥቶናል። ሌላ ሰይድ ይመር ካለ አሳዩን።» ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የለም ተባለ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ በእንጨት አፈር እጭር ነበር። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን «ያውላችሁ» ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ወገቤ ድረስ አላበኝ። አልተናገሩም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ መላ አመጡ። «ያ ደላላ ሳውዲ ነው እንጂ አልሞተም። ወንድሙ መርሳ አለ። ቁጥሩን ተቀብለን እዚሁ በስልክ እንጠይቀው። ገንዘቡን ለማን እንደሰጠ እሱ ያውቃል» አሉ። ሰዉ «ደግ!» አለ። አንዱ ጎረምሳ ወንድምየውን ሊጠራ ተነሣ። ያ ስልክ ከተደወለ አለቀልኝ። ሚስቴ፣ አጎቴ፣ ያ ሁሉ ሰው ስሜን ሊሰማ ነው።

ያን ጊዜ ነው የተነሣሁት። እንዲህ ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህንንም እወቁልኝ።

«ስልክ ምን ያደርጋል? ባሕር ማዶ ያለ ደላላ ያሻውን ቢልስ? እኛ ጋሼ ሰይድን እናውቃቸዋለን። ይማሉና ነገሩ ይለቅ።»

ይማሉ። እንዳከበራቸው ሰው ሆኜ ነው ያልኩት። ሰዉም ለእሳቸው የተቆረቆርኩ መስሎት «እውነቱን ነው፣ ይማሉ!» አለ። ወልድያዎቹም ተስማሙ፤ ከማሉ ሞተራችንን አስነሥተን እንሄዳለን አሉ። ወንድምየውን ሊጠራ የተነሣው ጎረምሳ ተመልሶ ተቀመጠ። ቁርአኑ ከመስጊድ መጣ።

እንደማይምሉ አውቄ ነው ይማሉ ያልኩት። ሳላስበው አመለጠኝ አልልም። አስቤበት ነው። ማሽላ ስንጠብቅ የሰጡኝን ምስጢር አውጥቼ መታኋቸው።

ጋሼ ሰይድ ቁርአኑን አዩት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። በጣም የደከመው ሰው አስተያየት ነበር።

«ገንዘቡን አልበላሁም። አልምልምም» አሉ።

ጉርምርምታ ተነሣ። «ያልበላ ሰው መሐላ ምን ያስፈራዋል?» አለ አንዱ ከኋላ። ሌላው «ላ ኢላሃ ኢለላህ! እሳቸውም?» አለ። ምክንያታቸውን ቢናገሩስ ማን ያምናቸዋል? አባቱ የሞተ ሰው አደራ አለብኝ ቢል ማስረጃው ምንድን ነው? አንድ ምስክር ነበራቸው። እሱም ተመልሶ ተቀምጦ፣ እንጨቱን ይዞ አፈር ይጭራል።

«ከምምል እከፍላለሁ» አሉና ተነሡ።

የነበራቸው በሬ ነው፤ ዳልቻ፣ እጅግ ገራም። በማግስቱ ገበያ ነበር። ጠዋት ደጄ ድረስ መጡ። «ሞክሼ፣ እኔ ገበያ ላይ ፊቴን ማሳየት አልቻልኩም። አንተ ሸጠህ ለወልድያ ልጆች ስጥልኝ» አሉኝ። ገመዱን እጄ ላይ አኖሩት።

እድል እየሰጡኝ ነበር? በመንገዱ ላይ ልቤ ይመለስ ይሆናል ብለው ነበር? እስከ መርሳ ያለው መንገድ ሙሉ በሬው ከኋላዬ ሲተነፍስ ይህንን አሰብኩ። ግን ገበያ ደረስኩ፣ በሬውንም ሸጥኩ። የሰጡኝ ዋጋ አንሶ ሲታየኝ እንኳ «ወላሂ ከዚህ በታች አይሸጥም» እያልኩ ተከራከርኩ። ገንዘቡን ሻይ ቤት ለተቀመጡት ለሁለቱ ሰዎች በገዛ እጄ ሰጠሁ። አንደኛው ቆጥሮ ኪሱ ከተተና «እግዜር ይስጥህ፣ እንዳንተ ያለ ጎረቤት አያሳጣን። ስምህን ማን ልበል?» አለኝ።

«ሽቦ» አልኩት።

ስመለስ ጋሼ ሰይድ አጥራቸው ስር ተቀምጠው ነበር። «ሰጥቻቸዋለሁ» አልኩ። «በል ሞክሼ፣ ከእንግዲህ ስማችንን ጠብቃት» አሉኝ። እንግዲህ ምን ቀረ? ሁሉንም ያውቁ ነበር። እግራቸው ላይ መውደቂያዬ ያ ሰዓት ነበር። «እሺ ጋሼ» ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ለእርቅ የሚጠራቸው ጠፋ። የውርጌሳ ሰዎች መምጣት ተዉ። ማን ደፍሮ «አልምልም» ያለን ሰው አስታርቀን ይላል? በሬው ቆይቶ ተተካ፤ ልጃቸው ሙሄ ገዛላቸው። ቃላቸው ግን አልተተካም። ስብሰባ ላይ ከኋላ ከጎረምሶቹ ጋር ይቀመጡ ጀመር። እኔን ባገኙኝ ቁጥር ግን «ሞክሼ፣ አደርክ ወይ» ማለትን አልተዉም። እኔ ነኝ መንገድ መቀየር የጀመርኩ። አንድ ዓመት ሽንኩርቱ ቀንቶኝ ገንዘቡን ሙሉውን ይዤ እስከ በራቸው ሄጄ ነበር። ደጁ ላይ ወኔዬ ከዳኝና ተመለስኩ። ገንዘቡን ለመስጊዱ ምንጣፍ ሰጠሁት፤ ሰዉ ቆሞ መረቀኝ። የሰው ሐቅ በሰደቃ አይታጠብም፤ ይህን እያወቅኩ ምርቃቱን አሜን አልኩ።

ጋሼ ሰይድ ባለፈው ክረምት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ሙሄ እንደ ወጉ ጀናዛው ፊት ቆመ። «ጀማው፣ አባቴ ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይጠይቀኝ፣ እኔ እከፍላለሁ። ሌላውን ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉት» አለ። ከአጠገቤ ያሉ አንድ ሽማግሌ ለራሳቸው የሚናገሩ በሚመስል ድምፅ «ያ የወልድያው እንኳ ተከፍሏል» አሉ። ሰዉ በአንድ ድምፅ «አውፍ ብለናል!» አለ።

እኔም አልኩ። ጋሼ ሰይድን አውፍ አልኳቸው! ባለዕዳው እኔ ሆኜ፣ ሐቃቸውን በልቼ፣ ስማቸውን አፍርሼ፣ ከሬሳቸው ፊት ቆሜ ይቅር ያልኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያም አፈር ካለበሱት ጋር አካፋ ተቀብዬ አፈር መለስኩ።

እናንተን አውፍ በሉኝ አልልም። የእናንተን አልበላሁም። ወጣት ነበርኩ፣ ቸግሮኝ ነበር፣ ፈርቼ ነበር ብዬም አላሳዝናችሁም፤ እሳቸውም ቸግሯቸው በሬ ሸጠዋል። አውፍ የሚለኝ ሰው ከመሬት በታች ነው። ከመሬት በላይ ያለው ሙሄ አባቱ ገንዘብ በልቶ መሐላ የፈራ እየመሰለው ይኖራል። ስሙ ሲነሣ አንገቱን ሲደፋ አየዋለሁ።

ያ ወርካ አሁንም አለ። አርብ አርብ ሰው ይሰበሰብበታል። መናገር ያለብኝ እጅግ አጭር ነው፦ ሰይድ ይመር እኔ ነኝ፣ ገንዘቡንም የወሰድኩት እኔ ነኝ። ይኸው እዚህ ጻፍኩት። እዚያ ግን ዛሬም አልተናገርኩትም። ዛሬ አርብ ነበር።