ጭስ ጭስ ያለው የመጀመሪያው ወይናችን

ልጅ እያለሁ ሰፈራችን የሚሸተው ከሰል ብቻ ነበር። ከዳንግላ ወጣ ብሎ ያለው መንደራችን ማሳውን ሁሉ ዲከረንስ ለሚባለው የከሰል ዛፍ ሰጥቶ እየቆረጠ ያከስላል። ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወተው በከሰል ስብርባሪ መሬቱን አስምረን ነው። ደብተራችን ሳይቀር ጭስ ጭስ ይላል፤ ያኔ ግን ማንም ልብ አይለውም፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት እንሸታለና።

እንዲህ ባለ አገር ነው እንግዲህ አባቴና እናቴ የዲከረንስ ጉቶ ነቅለው ወይን የተከሉት። ሐሳቡ የእናቴ ነበር። እሷ የጣና ዳር ልጅ ናት፤ አያቷ ቄስ ሆነው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለቅዳሴ የሚሆን ወይን ሲንከባከቡ እያየች ነው ያደገችው። አንድ ጊዜ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ስትመለስ የሐረግ ቁራጮች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ መጣች። አባቴ መጀመሪያ ሳቀባት። ጓሮ የሰካቻቸው ቁራጮች ቅጠል ሲያወጡ ግን ሳቁን ትቶ ጠዋት ጠዋት እነሱን ሳያይ ከቤት የማይወጣ ሰው ሆነ።

ችግሩ ማሳው የአባቴ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከታላቅ ወንድሙ ከአያ አለሙ ጋር በጋራ የወረሱት ነበር። አያ አለሙ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከሰል የለመደ ሰው ነበሩ። ሲናደዱ አማርኛውን ወዲያ ትተው በአዊኛ ነው የሚናገሩት፤ ወይኑ የተተከለ ሰሞን ደግሞ ከአፋቸው አማርኛ ጠፍቶ ነበር። «ሚስትህ ያመጣችብህ ጣጣ ነው» አሉት አባቴን። በመጨረሻ በሽማግሌ ፊት ተስማሙ፦ የመጀመሪያው ወይን ጠጅ ገዥ ካገኘ ማሳው የወይን ይሆናል፣ ካላገኘ ወይኑ ተነቅሎ ዲከረንስ ይመለሳል።

ያን ሰሞን የወላጆቼን ሥራ ሳስበው ዛሬም ይደንቀኛል። የእኛ አገር ዝናብ ለወይን አይመችም፤ ክረምቱን ቅጠሉ በሻጋታ ይነጣል። አባቴ ክረምቱ ሲወጣ ለምለሙን ቅርንጫፍ ገርዞ ፍሬው በበጋ እንዲደርስ ማድረግ ያስፈልጋል ብሎ መቀሱን አነሳ። ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተደግፎ «ሰውዬው ለየለት» አለ። እናቴ ከኋላው እየተከተለች የተቆረጠውን ትሰበስባለች፣ ሐረጉን ሽቦው ላይ ታስራለች። ሁለቱ ሲሠሩ ብዙም አያወሩም ነበር፤ አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሌላው የሚፈልገውን ያቀብለዋል።

የካቲት ላይ ዘለላው ጠቆረ። ትምህርት ቤት ጥርሴ ሐምራዊ ሆኖ ስሄድ መምህራችን «ቀለም ጠጥተሽ ነው የመጣሽ?» ብለው ክፍሉን በሙሉ አሳቁብኝ። ቤታችን ደግሞ ሌላ ቤት ሆኖ ነበር። እርጥብ፣ ጣፋጭ፣ አፍንጫ የሚኮረኩር ሽታ ከጓዳ ይመጣል፤ ጆሮዬን የተጨመቀው ወይን ድፍድፍ ላይ ደቅኜ ሲንሾካሾክ እሰማለሁ።

እናቴ በጠላዋ የተመሰገነች ሴት ናት። አያቷ ወይን ላይ ምንም እንደማይጨመር አስተምረዋታል፤ ስለዚህ ጌሾም አላስነካችው። ጋኑን ግን በግራዋ አሽታ አጠበችና እንደ ወጉ በወይራ አጠነችው። ያልታጠነ ጋን ለእሷ ያልታጠበ ጋን ነው። ማጠን ደግሞ ለእሷ ንጽሕና እንጂ መጨመር አልነበረም። ወይኑን ገልብጣ አፉን ከደነች፤ እኛም ጠበቅን።

ከፋሲካ በኋላ ከቆሰበር አንድ ባለ ሆቴል ሊቀምሱ መጡ። አያ አለሙም መጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሰውዬው ብርጭቆውን አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ ፊታቸውን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደዱና አስቀመጡት።

«ይሄ ጭስ ጭስ ይላል። ጋኑን ማን ነው ያጠነው?»

አያ አለሙ ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ ልትናገር አፏን ስትከፍት አባቴ ቀደማት።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ? ጋን?» አሉ አያ አለሙ።

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ አያ! እሷማ ተው ብላኝ ነበር።»

በእኛ አገር ጋን የሚያጥን ወንድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሚስቱ በወንድሙ አፍ እንዳትወድቅ ብሎ ራሱን የመንደር መሳቂያ አደረገ። ባለ ሆቴሉ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ብርጭቆውን እንደገና አነሱና ቀስ ብለው አጣጣሙት።

«ከጭሱ ሥር ያለው ግን ደህና ወይን ነው። ይሄን እንደምንም እንሸጠዋለን። የሚቀጥለውን ግን አደራ፣ ሳታጥን!»

ገዥ ተገኘ። አያ አለሙ በአዊኛ እያጉረመረሙ ጋቢያቸውን አንስተው ወጡ፤ ቃላቸውን ግን አላጠፉም። አባቴ ዳንግላ ገበያ ሲወጣ «አጣኙ መጣ!» እየተባለ ከርሟል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። እናቴ ምሳ ስታቀርብ ሁልጊዜ ከእኛ በኋላ ነበር የምትበላው፤ ወይኑ የተቀመሰ ቀን ግን ከአባቴ አጠገብ ቁጭ ብላ አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሰችው። እኔ ግን የዚያን ቀን አባቴን እንዴት እንደወደድኩት መናገር አልችልም።

ዛሬ ማሳው ሰፍቷል። ጋኑ በበርሜል ተተክቷል፣ ወይኑም በጠርሙስ ታሽጎ በሚኒባስ እስከ ጥሊሊ ይሄዳል። እኔም አግብቼ የራሴ ቤት አለኝ። በእኔም ቤት፣ በጓደኞቼም ቤት የሆነ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ነው ያደረገው?» ነው፤ ጣቱን ወደ ራሱ የሚቀስር ግን የለም። ሁላችንም ተምረናል፣ ሁላችንም ስለ ፍቅር እናወራለን። እነሱ ስለ ፍቅር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው እንግዶች ይዤ ሄጄ ነበር። ወይኑን እየቀመሱ እንዴት እንደተጀመረ ጠየቁ። አያ አለሙም አርጅተው ከዘራቸውን ተደግፈው አብረውን ተቀምጠዋል። እናቴ ድንገት ቀና አለችና «አያ፣ እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም እንጂ ያን ጋን ያጠንኩት እኔ ነኝ» አለች።

አባቴ ከሚቀዳው ጠርሙስ ላይ ዓይኑን እንኳ ሳያነሳ፣

«አይስሟት አያ» አለ፤ «ዘንድሮ ነገር ትረሳለች።»