ተራ የማይለቀው ፕሮግራም

ዊልፍሬድ ሳግደን ወጣትነቱን ያሳለፈው ክፍል ከሚያህል ኮምፒውተር ጋር ነው። የእሱ ፕሮግራም ሲሠራ ሌላ ሰው ማሽኑን አይነካም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 እንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ውስጥ፣ እኔ ስልክ በማነሳበት ትንሽ ቢሮ፣ ለሱፍ ፋብሪካዎች የቀለም ቅመማ የሚያሰላ ፕሮግራም ሲጽፍ ግን ዘመኑ ተለውጦ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒውተር ብዙ ፕሮግራሞች ተራ በተራ ይሠራሉ፤ ተራ የያዘው በራሱ ፈቃድ ካልለቀቀ ሌሎቹ ባሉበት ይደርቃሉ፤ የሚያስለቅቀው የለም። የዊልፍ ፕሮግራም ደግሞ አራት ደቂቃ ሙሉ አይለቅም።

«ፕሮግራሙን የሞከረው ደንበኛ እኮ ኮምፒውተሩ ሞተ ብሎ ሶኬቱን ነቀለው!» አለ አለቃችን ኔቪል።

«አልሞተም፤ እያሰበ ነው» አለ ዊልፍ።

«አንተም ስታስብ እንደዚሁ ነህ! ሐሙስ ወይዘሪት ራምስደን ከአንድ ሱፍ ፋብሪካ ትመጣለች። ካልገዛችው ፕሮግራሙም አንተም በቃችሁ።»

ሁለት ዓመት የለፋበት ሥራ ነው። ዕድሜው ደግሞ ሃምሳ ሰባት፤ ማን ይቀጥረዋል?

«ዊልፍ፣ እኔ ልጄ ስታለቅስ ሾርባዬን ትቼ አየት አድርጌያት እመለሳለሁ» አልኩት። «ያንተስ ለምን እንዲህ አያደርግም?»

«ሾርባው ካረረብሽስ?»

«ትንሽ ይዘገያል እንጂ አያርም።»

ረቡዕ ዕለት በየመቶው ስሌት ተራ እንዲለቅ አደረገው። ሞከርኩት። ፕሮግራሙ ሲያሰላ እኔ ደብዳቤ ጻፍኩ! ዊልፍን አቅፌ ሳምኩት።

ሐሙስ ወይዘሪት ራምስደን ጥቁር ሰማያዊ መርጣ «አስላ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። ምንም የተለወጠ አልመሰላትም። ደገመች። ሠለሰች። እኔ መጠበቅ ስለማውቅ አንዴም ደግሜ ተጭኜው አላውቅም። የመጀመሪያው ስሌት ተራውን በለቀቀ ቁጥር ሁለተኛው እየገባ ቁጥሮቹን አበላሸበት።

«ይሄ ቢጫ ነው» አለች፤ በትህትና ኮቷን ለበሰች።

ዊልፍ ወዲያው ገባው። «ስሌት ሲጀመር ቁልፉ ዳግም እንዳይጫን መዝጋት ነበረብኝ። ፕሮግራሙ ላይ አንድ መስመር መጨመር እኮ ነው፣ ኔቪል!»

«ለሷ ንገራት» አለ ኔቪል። ሴትየዋ ግን መኪናዋን አስነስታ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ያችን መስመር ጻፋትና «ሼሊ፣ እስቲ ሞክሪው» አለኝ። ሦስቴ ተጫንኩ። ከመጀመሪያው በኋላ ቁልፉ እምቢ አለ፤ ቅመማውም ትክክል ወጣ።

«ሠርቷል፣ ዊልፍ። ለሌላ ፋብሪካ እንደውል?»

«ኔቪል እስከ ሰኞ ቆይ አላለኝም፣ የኔ ልጅ። ሥራህ ዛሬ ያበቃል ነው ያለኝ።»

ኮምፒውተሩን አጠፋው።