የእትዬ አስካለ የፋሲካ በግ

«ልብ ከቆመች ሞት ነው» ይላል ሰው ሁሉ። ልክ አይደለም። ልክ አለመሆኑን ያወቅሁት ከአንድ የፋሲካ በግ ነው። እንዴት እንዳወቅሁ ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም ቢሆን። እንዴት ብዬ ልናገር? እሳቸውም ከበጉ በልተዋል።

በንጉሡ ዘመን ደብረ ብርሃን ላይ ወጣት ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ። አንድ ቀን እጄ የገባው የውጭ መጽሔት ነበር። ሐኪሞች ልቡ ከቆመ ሰው ኩላሊት አውጥተው ለሕመምተኛ እንደሚተክሉ፣ አስቀድመው ግን በውሻና በበግ እንደሚሞክሩት ይተርካል። እንስሳው ይታፈናል፣ ልቡ እስኪቆም ይጠበቃል፣ ከዚያ ተከፍቶ የትኛው አካሉ ገና እንዳልሞተ ይታያል። ይህን ካነበብኩ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። በሞትና በሞት መካከል ምን አለ? እኔም በዓይኔ ማየት አማረኝ።

አከራዬ እትዬ አስካለ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ሴት አታርድምና የፋሲካ በጋቸውን የማርደው እኔ ነበርኩ። ሁዳዴን ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ናቸው። የቅዳም ሹር ለት፣ ቄጠማ ግንባራቸው ላይ እንዳሰሩ ቢላዋውን ሰጡኝ።

«ዶክተሬ፣ ይሄ መርፌ አይደለም፤ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ!» አሉና እየሳቁ ሽንኩርት ሊከትፉ ገቡ።

እኔ ቢላዋውን አስቀመጥኩት። እኔ የበጉን አፍና አፍንጫ በእርጥብ ጨርቅ አፈንኩ። እኔ በጉልበቴ ተጫንኩት። ተንፈራገጠ፣ ከዚያ ተወ። ማዳመጫዬን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ፤ ምንም የለም። «ሞተ» አልኩ፣ በገዛ አፌ። ጥቂት ጠበቅሁ። ከዚያ አንገቱን ቆረጥኩ፤ ለሬሳ «በስመ አብ» አልኩ! ደሙ ጠቁሮ፣ እየተጎተተ ወጣ። ደረቱን ስከፍተው የልቡ ጫፍ ትርገበገብ ነበር። እንዴት ያለ ደስታ ነበር! እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም፤ ይህም ከኃጢአቴ ይቆጠር።

እትዬ አስካለ ሥጋውን ገለጥ አድርገው አዩት። «ደሙን የት አደረስከው? ጠጣኸው እንዴ?» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። ሌሊት ከቅዳሴ መልስ በዚያ ሥጋ ጾማቸውን ፈቱ። አንድ ታፋ ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ላኩ። እኔም በላሁ፤ ይጣፍጥ ነበር።

እኔ ያበላኋቸው በክት ነበር። ሳይታረድ የሞተ።

ለብዙ ዓመት ብልህ መከራከሪያ ነበረኝ። ልቡ ከተርገበገበ በጉ አልሞተም ነበር፤ ካልሞተ ያረድኩት በሕይወቱ ነው፤ ስለዚህ ንጹሕ ነው። ግሩም አይደለም? ልከፍተው ስፈልግ የሞተ፣ ላበላቸው ስፈልግ ያልሞተ። ኋላ ስለ ሞት ትርጉም የሚከራከሩ ብዙ ሐኪሞችን አንብቤያለሁ፤ ይህን ብልሃት ባየሁበት ሁሉ የራሴን እጅ አያለሁ። እነሱ ቢያንስ የአንድን ሰው ሕይወት ለማዳን ነው። እኔስ? ለማየት። ደግሞም ብጠይቃቸው ምን ነበረበት? «እትዬ፣ ይህን በግ ለሙከራ ይስጡኝ፣ ሌላ እገዛለሁ» ብላቸው ምናልባት ይስቁና ይሰጡኝ ነበር። አልጠየቅሁም። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው፤ በጨርቁም በቢላዋውም አይደለም።

መምሬ ካረፉ ቆይተዋል። እትዬ አስካለ ግን አሉ፤ ዓይናቸው ፈዝዟል፣ ዛሬም ይጾማሉ። በየፋሲካው እሄዳለሁ፣ ጉልበታቸውን እስማለሁ፣ አፌን እከፍትና ስለ ብርዱ አወራለሁ። በክት የበላ ሰው ቀኖና መቀበል ይገባዋል፤ እሳቸው መብላታቸውን እንኳ አያውቁም። በሕይወት ሳሉ ሊያውቁ ይገባል።

አንባቢዬ፣ ይቅር በለኝ አልልህም። ደብረ ብርሃን ከሆንክና ቤታቸውን ካወቅህ ግን፣ ዛሬ ሂድና ይህን ጮክ ብለህ አንብብላቸው። እኔ ፈሪ ነኝ።