ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ ቀስ ብዬ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ነሐሴ ነው። ነገሩን የማልረሳው፣ ወንድሜ ለሞት ተቃርቦ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ባሳደጉኝ አጎቴ ላይ አፌን የከፈትኩት ያን ቀን ነው። የቢቸና ሰው እስካሁን ያማኛል። ይማኝ!

እኔ ቢቸና ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል አፉን ሳይሸፍን ጤፉ ላይ ፀረ ተባይ ሲረጭ አርፍዶ መርዙ ገባበት። አረፋ እየደፈቀ ሆስፒታል አደረስነው። ትንፋሹ ሊቆም ሲል በጉሮሮው ቱቦ አስገቡለት። መተንፈሻ ማሽን ያለው ባዶ አልጋ የተገኘው ሞጣ ስለነበር በአምቡላንስ ተነሳን።

እስክንደርስ ትንፋሹ በእጅ ነው። ቱቦው ጫፍ ላይ ፊኛ የሚመስል የላስቲክ ከረጢት አለ፤ ሲጨምቁት አየር ይገባል፣ ሲለቁት ይወጣል። ነርሱ አንድ ብቻ ነበር። መድኃኒት መስጠትና ከአፉ የሚዝረከረከውን ፈሳሽ መምጠጥ ስላለበት ከረጢቱን ለእኔ ሰጠኝ።

ከፍርሃቴ የተነሳ ቶሎ ቶሎ ጨመቅኩት። ነርሱ እጄን ያዘ።

«እህቴ፣ ቀስ! እስከ አምስት ቁጠሪና አንዴ ጭመቂ። ስታፈጥኚው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከደሙ ከልክ በላይ ይወጣል። እሱ ሲያንስ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ አንጎሉ ደም ያጣል። ቢድን እንኳ ላያውቅሽ ይችላል።»

ላያውቅሽ ይችላል! ቃሉ እንደ መርፌ ወጋኝ። መቁጠር ጀመርኩ። እግሬ ራሱ የስፌት መኪና እንደሚረግጥ በቁጥሩ ይሄድ ነበር።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው፣ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንቺ፣ ምን ያንቀረፍፍሻል? ልጁ አየር አጥቶ! ቶሎ ቶሎ በይ እንጂ!»

«እንዲህ ነው የተባልኩት፣ አባባ።»

«ልትገድይው ነው እንዴ? ወዲህ አምጪው!» ብለው እጃቸውን ሰደዱ።

በክርኔ ገፋሁት። አዎ፣ የአሳዳጊዬን እጅ ገፋሁ!

«አልሰጥም! አላፈጥንም! ካልተስማማዎት ይውረዱ!»

ነርሱ ሳይቀር ደነገጠ። አጎቴ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። እኔ ሞጣ እስክንገባ አውራ ጣቴ አብጦ ቆጠርኩ።

ይበልጣል ማሽን ላይ ሰነበተ። በስድስተኛው ቀን ቱቦውን አወጡለት። ዓይኑን ገልጦ ትክ ብሎ አየኝ። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ።

«ጉልቤ» አለኝ።

በልጅነታችን ስለምደባደብለት ያወጣልኝ ስም ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አጎቴ ግን አኩርፈው ከረሙ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ እንድጠይቅ ተወሰነብኝ። ድንጋዩን ማን አንገቴ ላይ የጫነ ይመስላችኋል? ይበልጣል! ያውም ትልቁን መርጦ፣ እየሳቀ።

እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

«ይውረዱ ስላልኩዎት ይቅር ይበሉኝ።»

«እጄን ስለገፋሽስ?»

ድንጋዩን እንደተሸከምኩ ቀና አልኩ። «እሱንስ አልልም፣ አባባ። ነገም ቢሆን እገፋዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። አጎቴ እኔን ትተው አጠገቤ የቆመውን ይበልጣልን ሲያዩ ቆዩ።

«በል ድንጋዩን አንሳላት» አሉት።

ዛሬም በመንደሩ ደፋር ይሉኛል። ልክ ናቸው።